የ1989 ኮርቬት 700አር4 ካምቢዮ፦ የማርሽ ቅያሬን የማፍጠን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መኪናው ሲ4 (አራተኛው ትውልድ) ኮርቬት ነው፤ 5.7 ሊትር ኤል98 ሞተር፣ ባለ 4 ማርሽ 700አር4 አውቶማቲክ ካምቢዮ። ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ይህን ካምቢዮ ለ1982 ሞዴል አወጣው፣ በ1990 ደግሞ ስሙን 4ኤል60 አለው። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው 4ኤል60ኢ ኮርቬት ላይ የገባው በ1994 ሞዴል ነው። ስለዚህ እዚህ የሚጻፈው በዘይት ግፊት፣ በገቨርነር (የዘይት ግፊትን በመኪናው ፍጥነት ልክ የሚያዘው ክፍል) እና በካቦ ለሚሠራው አሮጌው ዓይነት ነው። ማርሽ የሚቀይር ኮምፒውተር የለውም፤ ኢሲኤሙ (የሞተሩ ኮምፒውተር) የሚያዘው የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያ ብቻ ነው። ቅያሬውን ማፍጠን የሚቻለው በመፍቻ ነው።

የመኪናው ቅሬታ እንዲህ ነበር፦ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ከ1 ወደ 2 የሚደረገው ቅያሬ ተጎትቶ ያልቃል፤ ከ2 ወደ 3 ሲሄድ ደግሞ የሞተሩ ዙር ለአፍታ ከፍ ይልና ይመለሳል። የሥራው ግብ ቅያሬው የሚፈጀውን ጊዜ ማሳጠር ነው። ሹፌሩን ወደ ፊት የሚገፋ ምት መፍጠር ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ካምቢዮና ብዙ ዲፈረንሻል አስበልቷል።

ጊዜው የት ይጠፋል?

የዚህ ካምቢዮ የማርሽ ምጣኔ 3.06፣ 1.63፣ 1.00 እና 0.70 ነው። በ1ኛና በ2ኛ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ሰፊ ነው። ሞተሩ በ4,800 ዙር ላይ እያለ ወደ 2ኛ ቢቀየር ወደ 2,560 ዙር ገደማ መውረድ አለበት። ያ ሁሉ የሞተሩ የመሽከርከር ኃይል የሚቃጠለው በ2ኛ ማርሽ ባንድ (ከበሮውን አጥብቆ በሚይዘው ቀበቶ) ላይ ነው። ከ2 ወደ 3 ሲቀየር ግን የሚወርደው እስከ 2,945 ገደማ ብቻ ስለሆነ ያን ያህል አይከብድም።

ባንዱ ወይም ፍሪሲዮኑ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚይዝ የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ ዋናው የዘይት ግፊት፣ ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ዘይቱ የሚገፋው ፒስተን ስፋት፣ እና ግፊቱ በአንዴ እንዳይመታ የሚያለዝበው አኩሙሌተር። ፋብሪካው አራቱንም ለምቾት ብሎ አለዝቧቸዋል። ይህ ማለት ግን ለካምቢዮው ይሻለዋል ማለት አይደለም፤ ተንሸራቶ የሚያልቅ ቅያሬ ሙቀት ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ የባንዱንና የፍሪሲዮኑን ሽፋን ይበላል።

ብዙ ሰው ከአራቱ መጀመሪያ የሚነካው አኩሙሌተሩን ነው፤ ፒስተኑን በሞላ ፈንታ በብረት ደግፎ ይዘጋዋል። ውጤቱ ወዲያው ስለሚሰማ ያስደስታል። ችግሩ የተዘጋ አኩሙሌተር ፔዳሉ በስሱ ተረግጦም ሆነ እስከ መጨረሻው እኩል መምታቱ ነው። በዚያ ላይ የአውቶማቲክ ሲ4 ዲፈረንሻል ዳና 36 ነው፤ የማንዋሎቹ ዳና 44 ከእሱ ይጠነክራል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ቅደም ተከተሉ ግፊት፣ ቀዳዳ፣ ሰርቮ (ባንዱን የሚገፋው ፒስተን)፣ በመጨረሻም የአኩሙሌተር ሞላ ሆነ።

ከመፈታቱ በፊት የተደረገ ምርመራ

የ700አር4 የታወቀ ደካማ ጎን የ3-4 ፍሪሲዮን (3ኛና 4ኛ ማርሽን የሚይዘው) ነው። በ3ኛ ማርሽ ጋዝ ሲሰጥ ዙሩ ብቻውን የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ያ ፍሪሲዮን አልቋል ማለት ነው። የሽፍት ኪት (ቅያሬን ለማፍጠን የሚሸጥ የዕቃ ስብስብ) ያለቀ ፍሪሲዮን አያድስም፤ እዚያ ላይ ሥራው ቆሞ ካምቢዮው ወርዶ መታደስ አለበት። እዚህ ዘይቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ አይሸትም፣ 3ኛውም ከያዘ በኋላ አይለቅም። ስለዚህ ቀጠልን።

ቀጥሎ ግፊት። በኬሱ (በካምቢዮው የውጭ አካል) ግራ ጎን፣ ከማርሽ ማዘዣው ክንድ በላይ፣ ለመለኪያ የተተወ የአንድ ስምንተኛ ኢንች ቧንቧ ጥርስ ያለው ታፓ አለ። እዚያ ላይ እስከ 300 ፒኤስአይ የሚያነብ ጌጅ በረጅም ጎማ ቱቦ ተያዘ፤ ቱቦው ከማርሚታው መራቅ አለበት። ዘይቱ ሞቆ፣ ፍሬን ተይዞ፣ በዲ ላይ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር 58 ፒኤስአይ አነበበ። ሌላ ሰው ካቦውን እስከ መጨረሻው በእጁ ስቦ፣ ሞተሩ በ1,000 ዙር ላይ ሲሆን 112 ብቻ ደረሰ። የመጀመሪያው ቁጥር ደህና ነው። ሁለተኛው ግን ለጤነኛ 700አር4 ዝቅተኛ ነው፤ ከ130 በላይ ሊሆን ይገባው ነበር።

ካቦው፦ የሥራው ግማሽ

ፔዳሉ ከሚከፍተው የሞተሩ አየር ማፈኛ (ትሮትል) ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ቲቪ ካቦ የማርሽ መቀነሻ ካቦ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ ካቦ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ማርሹ መቼ እንደሚቀየርም፣ ፍሪሲዮኖቹ በምን ያህል ግፊት እንደሚያዙም ይወስናል። አንዱን ትቶ ሌላውን ማስተካከል አይቻልም። ማርሹ ቶሎ እንዲቀየር ብሎ ካቦውን የሚያላላ ሰው ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲያወጣ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ግፊት እንዲይዝ አድርጓል። የ3-4 ፍሪሲዮንን በአጭር ርቀት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አስተካከሉ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በካቦው ጫፍ ላይ ያለው መቆለፊያ ቁልፍ ተጭኖ ይያዛል። ተንሸራታቹ ከማፈኛው ርቆ ወደ ኋላ እስኪቆም ይገፋል፤ ከዚያ ቁልፉ ይለቀቃል። ቀጥሎ የማፈኛው ክንድ በእጅ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ ተንሸራታቹ ቅጭ ቅጭ እያለ ትክክለኛ ቦታውን ራሱ ያገኛል። ይህ በእጅ ከተደረገ በኋላ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ይርገጥ፤ ማፈኛው እውነት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? ወፍራም ምንጣፍ ብቻውን የመጨረሻዎቹን ሚሊሜትሮች ሊሰርቅ ይችላል።

እዚህ ካቦው ላልቶ ነበር። ከተስተካከለ በኋላ ያው ፈተና 141 ፒኤስአይ አነበበ፤ የጌጁ እጅም ማፈኛው መከፈት እንደጀመረ መውጣት ጀመረ። ከ2 ወደ 3 ሲቀየር የነበረው የዙር መዝለል አብዛኛው ጠፋ። ዕቃ የመግዛት ሐሳብ ያለው ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ድረስ ይምጣ፤ ለአንዳንዱ መኪና ከዚህ በላይ ላያስፈልገው ይችላል።

የተዘጋጁ ዕቃዎች

ለ700አር4 የሚሸጥ የሽፍት ኪት ከነሞላዎቹና ከነቀዳዳ መመሪያው፤ 0.500 ኢንች ማለትም 12.7 ሚ.ሜ ቡስት ቫልቭ (ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው) ከነእጅጌው፤ የሴፓሬተር ፕሌቱ (የዘይት ቀዳዳዎቹ ያሉበት ስስ ብረት) ሁለት ጋርኒሲዮኖች፤ የሁለቱ አኩሙሌተሮች ፒስተንና ጎሚኒ፤ የሰርቮ ቀለበቶች፤ ፊልትሮ ከነጎሚኒው፤ የኮፓ (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጋርኒሲዮን፤ 6 ሊትር ዴክስሮን ዘይት። ከመሣሪያ በኩል ዝቅተኛ ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች የግድ ነው፤ ለጎማ ቡሎን የሚሆነው ትልቁ እዚህ አይሠራም። የዘይቱን መንገድ የሚዘጉና የሚከፍቱ ትንንሽ ኳሶችን ለማጣበቅ ቫዝሊን ይበቃል። ግራሶ ግን በዘይቱ ውስጥ ስለማይሟሟ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ይዘጋል፤ አይግባ።

ኮፓው ሲወርድ

መኪናው በአራት ካቫሌቶ ላይ ቆመ፤ ማርሚታው ቀዝቅዞ ዝቅ ተደረገ። ኮፓው የተያዘው በ16 ቡሎን ነው። ከኋላ በኩል ሁለቱን ብቻ አላልቶ በመተው ከፊት ያሉትን መፍታት ዘይቱ በአንድ ጥግ እንዲፈስ ያደርጋል። 4.7 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ ከቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ለየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል) የሚንጠባጠበው ግን ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ቢያድር ይመረጣል።

ማግኔቱ ላይ የተገኘው ስስ ግራጫ ጭቃ ብቻ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቁራጭ ወይም የጥቁር ሽፋን ስባሪ ቢኖር ሥራው እዚያው ይቆም ነበር። ፊልትሮው ሲወጣ አሮጌው ጎሚኒ ብዙ ጊዜ ፓምፑ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ሳይነቀል አዲሱ በላዩ ላይ ቢገባ ፊልትሮው ቦታውን አይዝም፣ ፓምፑም አየር ይስባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማፏጨትና የግፊት መውረድ ሰውን ብዙ ያደክማል። ጎሚኒው ሲነቀል አሉሚኒየሙ በካቻቢቴ እንዳይቧጨር።

ቫልቭ ቦዲ

ከመፈታቱ በፊት የእያንዳንዱ ቡሎን ቦታና የሽቦዎቹ አቀማመጥ በፎቶ ተያዘ። የቡሎኖቹ ርዝመት ይለያያል፤ ረጅሙ አጭሩ ቦታ ላይ ቢገባ ኬሱን ይሰነጥቃል ወይም ሳያጠብቅ የጠበቀ ይመስላል። በቲቪው ክንድ ማቀፊያ ውስጥ ትንሽ ዘንግና ሞላ አለ፤ ማቀፊያው ሲወርድ ይወድቃሉ፣ እጅ ከሥር ይሁን።

ይህ ሥራ መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ ስለሆነ ዋናው ጠላት የመሬት ስበት ነው። ሴፓሬተር ፕሌቱ ዝቅ ሲል የ3-4 አኩሙሌተር ፒስተን፣ ፒኑና ሞላው ከኬሱ ተከትለው ይወርዳሉ። ኳሶቹም አንዳንዶቹ በቫልቭ ቦዲው በኩል፣ ሌላው በኬሱ በኩል ናቸው። ቁጥራቸውና ቦታቸው እንደ ሞዴሉ ዓመት ስለሚለያይ ከሌላ ካምቢዮ የተወሰደ ሥዕል አይታመንም፤ የራሱ መኪና ፎቶና የኪቱ መመሪያ አብረው ይታዩ። አንድ ኳስ ቢቀር ወይም ቦታ ቢሳሳት የሚመጣው ውጤት በጣም የሚመታ ቅያሬ ወይም በአንድ ማርሽ ላይ የሚዘገይ ካምቢዮ ነው።

ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ቫልቭ ወጥቶ ታጠበና በራሱ ክብደት በቦታው መንሸራተቱ ታየ። በተለይ የቲቪ ሊሚት ቫልቭና የላይን ባያስ ቫልቭ ከተጣበቁ ካቦው ምንም ያህል ቢስተካከል ግፊቱ የሞተሩን ጉልበት አይከተልም። እዚህ የላይን ባያሱ ትንሽ ይዝ ነበር። በንጹሕ ዘይትና በጣም ልሙጥ በሆነ መቦረሻ ጨርቅ ዙሪያውን በስሱ ተጠርጎ ተፈታ። የቫልቮቹ ጠርዝ ስለታም ሆኖ መቅረት አለበት፤ ጠርዙ ከተድበለበለ ቆሻሻ ከሥሩ ይገባና ቫልቩን ይይዘዋል። ስለዚህ ወፍራም የአሸዋ ወረቀት እዚህ ሥራ የለውም።

ቀዳዳዎቹ

የ2ኛ ማርሽ መመገቢያ ቀዳዳ በትራፓኖ ወደ 2.4 ሚ.ሜ፣ የ3ኛው ወደ 2.8 ሚ.ሜ ሰፋ። ፕሌቱ በየዓመቱ ስለሚለያይ የትኛው ቀዳዳ የየትኛው ማርሽ እንደሆነ ጋርኒሲዮኑን በላዩ አስተኝቶ ከመመሪያው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የቀዳዳ ሥራ ወደ ኋላ አይመለስም፦ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን አዲስ ፕሌት መግዛት ነው። በመመሪያው ውስጥ ከተሰጠው ክልል ታችኛውን መምረጥ የሚሻለው ለዚህ ነው። ከተበሳ በኋላ የሁለቱም ፊት ስንጥር በጥንቃቄ ይነሳ፤ ፕሌቱ በመስታወት ላይ ሲቀመጥ መወዛወዝ የለበትም።

ሁለቱ ጋርኒሲዮኖች በጣም ይመሳሰላሉ። በኬሱ በኩል የሚሆነው በእንግሊዝኛው ሲ ፊደል፣ በቫልቭ ቦዲው በኩል የሚሆነው በቪ ፊደል ምልክት ይደረግበታል። ቢቀያየሩ የተወሰኑ መተላለፊያዎች ይዘጋሉ።

ሰርቮው

በቀኝ ጎን ያለው ሰርቮ ባንዱን በፒን የሚገፋው ክፍል ነው፤ በ2ኛም በ4ኛም ይሠራል። ወደ 3ኛ ሲቀየር ለ3-4 ፍሪሲዮን የሚሄደው ዘይት በዚያው ቅጽበት የሰርቮውን መልቀቂያ ጎን ይሞላና ባንዱን ያስለቅቃል። ከ2 ወደ 3 ያለው ቅያሬ ያማረ የሚሆነው እነዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው፦ ባንዱ ቀድሞ ከለቀቀ ዙሩ ይዘላል፣ ዘግይቶ ከለቀቀ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ይያዝና መኪናው ፍሬን እንደተያዘ ይሆናል።

በገበያ ኮርቬት ሰርቮ የሚባለው ሰፋ ያለ የ2ኛ ማርሽ ፒስተን ያለው ነው። ስሙን ከዚህ መኪና ቢያገኝም፣ ካምቢዮው ከዚህ በፊት ታድሶ ከሆነ ተራው ፒስተን ገብቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሳይፈቱ መግዛት አይገባም። እዚህ ሲከፈት ሰፊው ነበር፤ ጎሚኒዎቹና ቀለበቶቹ ብቻ ተቀየሩ። ክዳኑን የያዘው የሽቦ ቀለበት ሲወጣ ሞላ ስለሚገፋው ክዳኑ በመጫኛ ተይዞ ይሁን። የፒኑ ጉዞ 2.3 ሚ.ሜ ተለካ፤ ከ1.9 እስከ 3.2 ሚ.ሜ ባለው ውስጥ ስለሆነ ተተወ። ጉዞው ከበዛ ባንዱ ከመያዙ በፊት ብዙ ዘይት ይጠፋል፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ደህና ቢሆንም 2ኛው ይዘገያል።

ሰርቮው ወጥቶ እያለ በኬሱ ውስጥ የተተከለው የ3ኛ አኩሙሌተር ኳስ ካፕሱል መታየት አለበት። ይህ ካፕሱል ካፈሰሰ የ3-4 ፍሪሲዮን ግፊቱን በጸጥታ ያጣል፤ የታደሰ ካምቢዮ ተመልሶ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቡስት ቫልቭና አኩሙሌተር

የግፊት መቆጣጠሪያው ፓምፑ ውስጥ ነው፤ ፊልትሮው ሲወርድ ከታች ይደረስበታል። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ እጅጌው በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ተይዞ ቀለበቱ በፒንሳ ይወጣል። አዲሱ ቡስት ቫልቭ በእጅጌው ውስጥ ያለ ምንም መያዝ መንሸራተቱ ከመግባቱ በፊት ይታይ። ከኪቱ የመጣው ሞላ ከአሮጌው ጋር ተተካ።

በ1-2 አኩሙሌተር ውስጥ አዲስ ፒስተንና ከፋብሪካው የሚጠነክር ሞላ ገባ። ፒስተኑ አልተዘጋም። የ3-4ቱ ፒስተን ጎሚኒው ብቻ ታድሶ ተመለሰ።

ሁሉም ሲመለስ ቡሎኖቹ በእጅ ከያዙ በኋላ ከመሃል ወደ ዳር በ11 ኒውተን ሜትር ጠበቁ፤ ኮፓውም በዚያው ልክ። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ቫልቭ ቦዲውን ያጣምምና ቫልቮቹን ያስይዛል። ካቦው እንደገና ተስተካከለ።

ከተሞከረ በኋላ

ሙቅ ዘይት ላይ ጌጁ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር 68፣ በሙሉ ካቦ 172 ፒኤስአይ አነበበ። የተፈለገው ይህ ነበር። በዲ ላይ ከ200 ማለፍ ግን ለአሮጌው ፓምፕ ሮተርና ቀለበቶች አደጋ ነው፤ ኃይሉ ብዙ ያልተጨመረ ሞተርም አያስፈልገውም።

የቅያሬውን ጊዜ ለመለካት የመኪናውን ዳሽቦርድ ቪዲዮ ማንሳት አይረባም፤ የዚያ ዘመን ዲጂታል ጌጅ ለዚህ ሥራ ዝግተኛ ነው። የሚሻለው የሞተሩን ድምፅ ቀርጾ በድምፅ መተንተኛ ሶፍትዌር ማየት ነው። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 4 ጊዜ ስለሚተኩስ በ4,800 ዙር የተኩሱ ድምፅ 320 ኸርዝ፣ በ2,560 ደግሞ 171 ኸርዝ ገደማ ነው። መስመሩ መውረድ ከጀመረበት እስከሚቀመጥበት ያለው ርዝመት የቅያሬው ጊዜ ነው። ከ1 ወደ 2 ያለው ከ0.7 ሰከንድ ገደማ ወደ 0.4 ገደማ ወረደ። ከ2 ወደ 3 መዝለሉ ጨርሶ የለም።

አንድ ነገር ቀረ፦ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሆኖ በስሱ ጋዝ ሲነዳ ወደ 2ኛ ሲገባ ዱብ ይላል። ካቦው ጠብቆ እንደሆነ መጀመሪያ ተፈተሸ፤ ትክክል ነው። ዘይቱ ሲሞቅም ይጠፋል። ይህ የአዲሱ ሞላ ጥንካሬ ነው። መድኃኒቱ በኪቱ ውስጥ ያለውን መካከለኛውን ሞላ ማስገባት ነው፤ የ1-2 አኩሙሌተር ክዳን ኮፓው ወርዶ ብቻ ስለሚደረስበት ከሚቀጥለው የዘይት ቅያሬ ጋር ይደረጋል። ዱብታው ሙቅ ላይም ቢኖር ኖሮ የሚጠረጠረው የቀረ ኳስ ወይም ተገልብጦ የገባ የፒስተን ጎሚኒ ነበር።

ለሙቀቱ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ በኋላ ባለው መመለሻ መስመር ላይ ተያዘ። በኮፓው ያለው ሙቀት ከ95 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቆያል።

ገቨርነሩ አልተነካም። ክብደቶቹን በማቅለል ቅያሬውን ወደ ከፍተኛ ዙር ማዘግየት ይቻላል፤ ኤል98 ግን ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው በ3,200 ዙር አካባቢ ነው፣ ረጃጅም የአየር ቱቦዎቹም ከ4,500 በላይ ያንቁታል። ከ4,800 በላይ ማቆየት ድምፅ ብቻ ይጨምራል። የአየር ማስገቢያውና ካምሻፍቱ ከተቀየሩ የገቨርነሩ ጉዳይ ያኔ ይከፈታል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደረገው፦ የኮፓ ቡሎኖችን ቶርክ እንደገና ማየት፣ የግፊት ታፓው ማላቡን መፈተሽ፣ ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘውን የአሉሚኒየም ሲ-ቢም ቡሎኖች ማጥበቅ፣ ጌጁን መልሶ ይዞ ሁለቱን ቁጥሮች ከ68 እና ከ172 ጋር ማነጻጸር።